ታክሲ ውስጥ የቀረው በገና፦ ጥያቄውና 30 መልሶች

ጥያቄው አጭር ነበር። የአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት የጋራ በገና ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ በሚሠራ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከመጨረሻው ወንበር ጀርባ ተረስቶ ቀረ። ጊዜው የዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት ነው፤ በገና ይዞ የሚሳፈር ተማሪ የሚበዛበት፣ በገና የሚፈለግበትም ወቅት። የንብረት ኃላፊው ሦስት ነገር ጠየቀ። የት የት ይፈለግ? ሌላ ሰው እጅ ቢገኝ የእኛ ነው ለማለት ምን ማስረጃ ይበቃል? ከተገኘስ በኋላ አውታሩን ወጥሮ ወዲያው መደርደር ይቻላል ወይ? በገናው ግድግዳ ተደግፎ የተነሣበትን አንድ ፎቶ አያይዞ፣ የሚያውቃቸውን ምልክቶች በሙሉ ከሥሩ ዘርዝሯል። ያ ዝርዝር በኋላ ቁጣ አስነሥቷል።

ከመልሶቹ ውስጥ ለክራርም ለማሲንቆም የሚሆን ብዙ ነገር ስላለ ቅደም ተከተላቸውን ጠብቄ አቀርባቸዋለሁ። አይዞህ፣ እግዚአብሔር ያስገኘው የሚሉትን አልፌያቸዋለሁ፤ መልካም ቃል ቢሆኑም የሚጨምሩት መረጃ የለም።

መልስ 1 ጠያቂውን በትሕትና ሰላም ብሎ ወደ ሥራው ገባ። የታክሲውን ሰሌዳ ማንም አይዝም፤ መስመሩን፣ የተሳፈሩበትን ሰዓትና የመኪናውን የጎን ቁጥር የሚያስታውስ ካለ ግን ፍለጋው ግማሽ መንገድ ሄዷል ማለት ነው። መጀመሪያ የሚጠየቁት በመስመሩ ሁለት ጫፎች ያሉት ተራ አስከባሪዎች ናቸው፤ የትኛው መኪና ስንት ሰዓት ላይ ጭኖ እንደወጣ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ቀጥሎ ረዳቶቹ። ረዳት የመኪናውን ወለል የሚጠርገው ማታ ነው፤ ከወንበር ጀርባ የወደቀ ዕቃ የሚታየውም ያኔ ነው። ስለዚህ በቀን ከመዞር አመሻሽ ላይ መኪኖቹ ወደሚታጠቡበትና ወደሚያድሩበት ቦታ መሄድ ይሻላል።

መልስ 2 ሁለት መስመር ብቻ ነው። ዕቃው በጠፋ ማግስት ለአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ ማስመዝገብና የተመዘገበበትን ቁጥርና ቀን መያዝ ያስፈልጋል፤ ኋላ ከገዢ ወይም ከሻጭ ጋር ክርክር ቢነሣ ከዚያ ወረቀት የሚቀድም ማስረጃ የለም።

መልስ 3 ነገሩን ወደ ኒው ዮርክ ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዮ ዮ ማ የተባለው ዕውቅ የቼሎ ተጫዋች ሞንታኛና የተባለ ሠሪ በ1733 ቬኒስ ውስጥ የሠራውን ቼሎውን (ትልቅ፣ ቫዮሊን መሰል መሣሪያ) በታክሲ የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ረስቶ ወረደ። በዚያው ቀን የተገኘው ደረሰኝ ስለተቀበለ ነበር፤ የታክሲው መለያ ቁጥር ደረሰኙ ላይ ተጽፏል። መልስ 4 ግን አልተደሰተም። የእኛ ሚኒባስ ደረሰኝ እንደማይሰጥ እየታወቀ ይህ ለጠያቂው ምን ይጠቅማል ብሎ ቆጣ አለ። ከዚያ ግን ጠቃሚ ነገር ጨመረ፤ ሒሳቡ በቴሌብር ተከፍሎ ከሆነ የተቀባዩ ስም በስልኩ መልእክት ላይ አለ። በስልክ በተጠራ ታክሲ ከሆነ ደግሞ የጉዞው መዝገብ ከሾፌሩ ስም ጋር ስልኩ ውስጥ ተቀምጧል።

መልስ 5 ጠያቂውን በቀጥታ ወቀሰው። ምልክቶቹን በሙሉ ለሕዝብ ማውጣት ለአታላይ በር መክፈት ነው። ነገ አንድ ሰው ደውሎ በገናው እኔ ጋ ነው፣ ለትራንስፖርት ይህን ያህል ላክ ይላል፤ ምልክት ሲጠየቅም ከዚሁ ጽሑፍ ያነብባል። ማስታወቂያ ላይ ዕቃው እንዲታወቅ የሚያደርግ ያህል ብቻ ይወጣል፣ አንድ ወይም ሁለት ምልክት ግን በባለቤቱ ልብ ይቀራል። ለደዋዩም ፎቶው ላይ የማይታይ ነገር ይጠየቃል፤ የገበቴው (በቆዳ የተሸፈነው የድምፅ ሣጥን) ጀርባ ላይ ምን አለ? ከስንተኛው መቃኛ (አውታሩን ለመወጠር የሚዞረው እንጨት) ላይ ጨርቅ ተጠምጥሟል? ያላየው ሰው ይገምታል፣ ያየው ሰው ሄዶ ያያል። አነጋገሩ ሻካራ ነበር፤ ምክሩ ግን ከመላው ውይይት በጣም ከሚጠቅሙት አንዱ ነው። ጠያቂው ዝርዝሩን ወዲያው አንሥቶታል።

ከዚያ መልስ 6 መጣ። ጸሐፊው በገና በማስተማርና በመጠገን የቆዩ ሰው እንደሆኑ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ ሌሎቹም ከዚህ በኋላ መምህር እያሉ በአንቱታ ነው የጠሯቸው። ምልክቶቹ መውጣታቸው የዓለም መጨረሻ እንዳልሆነ አስረዱ፤ ምክንያቱም በገና ባለቤቱ እንኳ የማያውቃቸው ምልክቶች አሉት።

የመጀመሪያው የበርኩማው፣ ማለትም አውታሮቹን ከቆዳው ከፍ አድርጎ የሚይዘው እንጨት፣ እግር ነው። በርኩማ ቆዳው ላይ ለዓመታት ሲቆም እግሮቹ ያረፉበት ቦታ ይጎደጉዳል። ዙሪያው በእጅ ላብና በአቧራ ሲጠቁር ከእግሮቹ ሥር ያለው ቆዳ ግን እንደ ድሮው ነጣ ብሎ ይቀራል። በርኩማውን አንሥቶ ቆዳውን በጎን ብርሃን ያየ ሰው ሁለት ጥርት ያሉ አሻራዎች ያገኛል። ሻጭ አውታር ይለውጣል፣ ቀንበሩን (ከላይ ያለውን አግድም እንጨት) ይቀባል፣ መስቀል ይቀርጽበታል፤ ያን አሻራ ግን ቆዳውን ሳይቀይር አያጠፋውም። ሁለተኛው ደርዳሪው እጁን የሚያሳርፍበት ምሰሶ (የጎን ቋሚ እንጨት) ነው። እዚያ ላይ እንጨቱ በላብና በመታሸት ብዛት ጠቁሮ ያበራል፤ የብርሃኑ ርዝመትና ከፍታ እንደ ደርዳሪው ቁመት ይለያያል። ሦስተኛው እንዚራው ነው። በአውታሩና በበርኩማው መካከል የሚገቡት ቁራጭ ቆዳዎች በአንድ እጅ፣ ከአንድ ቁርበት የተቆረጡ ከሆነ ወርዳቸውና የጠርዛቸው አቆራረጥ ይመሳሰላል፤ አንዱ ተቀይሮ ከሆነም በቀለሙ ይለያል። አራተኛው ቆዳው ገበቴው ላይ የተሰፋበት ጠፍር ነው፤ የስፌቱ ቁጥርና ቋጠሮው የወደቀበት ማዕዘን ከበገና በገና ይለያል።

እነዚህን ለመያዝ ስድስት ፎቶ ይበቃል ይላሉ፤ ፊት፣ ጀርባ፣ ሁለቱ ጎኖች፣ ቀንበሩ ከነመቃኛዎቹ በቅርብ፣ ቆዳው በርኩማው ተነሥቶ። የመጨረሻው ፎቶ መብራት ከፊት ሳይሆን ከጎን ተደርጎ ይነሣ። ከአንዱ ፎቶ ጋር ሜትር ተዘርግቶ ቢታይ ደግሞ የተሻለ ነው።

መልስ 7 ስለ ልኬቱ ጠየቀ፤ እንጨት በክረምትና በበጋ ይለዋወጣል፣ ታዲያ ልኬት እንዴት ማስረጃ ይሆናል? መልስ 8 አስተካከለው። እንጨት የሚያብጠውና የሚሟሽሸው በወርዱ ነው፤ በቃጫው አቅጣጫ፣ ማለትም በቁመቱ፣ ለውጡ ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ የምሰሶዎቹ ቁመትና ከመቃኛ እስከ መቃኛ ያለው ርቀት ይለካል፤ የቆዳው ስፋትና የገበቴው ወርድ ግን አይታመኑም።

መልስ 9 ላይ ነገሩ ተበላሸ። ጸሐፊው ፎቶው ላይ ያሉት አውታሮች ናይለን እንደሚመስሉትና ናይለን የተወጠረበት በገና ለፍለጋ የሚያበቃ ቅርስ እንዳልሆነ ጻፈ፤ መምህሩንም አንተ ብሎ ስለ ናይለን ለምን ዝም እንዳሉ ጠየቃቸው። መልስ 10 አከባበሩን እንዲያስተካክል ነገረው፤ ፎቶውን አጉልቶ ያየ ሰው የአንጀት አውታር መሆኑን ከወጣ ገባ ውፍረቱ እንደሚለይም አስረዳ። ናይለን ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው፤ ጠምዘዝ ተደርጎ የደረቀ የበግ አንጀት ግን እኩል አይሆንም። መምህሩ ራሳቸው ለዘለፋው መልስ አልሰጡም።

መልስ 11 እና 12 ስለ ሁለት ቫዮሊኖች ናቸው። የመጀመሪያው በ1734 የተሠራው የቫዮሊን ተጫዋቹ የሮማን ቶተንበርግ ስትራዲቫሪየስ (በዕውቁ ሠሪ በስትራዲቫሪ የተሠራ ቫዮሊን) ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ማሳቹሴትስ፣ ኬምብሪጅ ውስጥ ተሰርቆ ከ35 ዓመት በኋላ፣ በ2015 ተገኘ፤ ባለቤቱ በ2012 ዐርፎ ነበር። የተገኘው አንዲት ሴት ዋጋውን ለማስገመት ወደ ባለሙያ ስትወስደው ነው። ባለሙያው ዕቃውን ዐውቆ ለኤፍ ቢ አይ ደወለ። ሁለተኛው በ1713 የተሠራው የሌላው ተጫዋች የብሮኒስላቭ ሁበርማን ቫዮሊን ነው። በ1936 ኒው ዮርክ ካለው የካርኔጊ የሙዚቃ አዳራሽ ተሰረቀ፤ የወሰደው ሙዚቀኛ በጫማ ቀለም አጥቁሮት ለዐሥርት ዓመታት ሲጫወትበት ኖረ፣ እውነቱን የተናገረው በ1985 ሊሞት ሲል ነው። መልስ 12 ከዚህ ያወጣው ቁም ነገር ስለ መድን ነው። ለሁበርማን መድን ሰጪው ካሳ ስለከፈለ ቫዮሊኑ ሲገኝ የኩባንያው ንብረት ሆነ፤ የቶተንበርግ ልጆችም ቫዮሊኑን ለመረከብ የተከፈለውን ካሳ መመለስ ነበረባቸው። ለመሣሪያው መድን የገባ ሰው ካሳውን ሲቀበል ዕቃው ቢገኝ የማን እንደሚሆን ውሉን አስቀድሞ ያንብብ።

መልስ 13 ወደ አዲስ አበባ መለሰን። በገና የያዘ ሌባ ደርዳሪ ፈልጎ አይሄድም፤ ደርዳሪ ይጠይቀዋል። የሚሄደው በገናን ለጌጥ ወደሚገዛው ነው። ስለዚህ ሽሮ ሜዳ፣ በቸርችል ጎዳና ያሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች፣ መርካቶ ውስጥ ደግሞ ምናለሽ ተራ በየሳምንቱ መታየት አለባቸው። ሱቅ ሲገባ በገና ጠፋብኝ ብሎ መጀመር ዕቃውን ከመደርደሪያ ያሸሸዋል፤ ያረጀ በገና ለግድግዳ እፈልጋለሁ ማለት ይሻላል። አሮጌ በገና ከሆነ ከአገር ለማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ፈቃድ ስለሚጠየቅ በቦሌ በኩል እንዲሁ አያልፍም።

መልስ 14 ሕግ የሚያውቅ ሰው ይመስላል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1161 መሠረት ተንቀሳቃሽ ዕቃን በቅን ልቦና ገዝቶ በእጁ ያደረገ ሰው ባለቤት ይሆናል፤ ለተሰረቀ ዕቃ ግን ሕጉ የተለየ ድንጋጌ አለው፣ ባለቤቱ ከገዢው ላይ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ የተገኘን በገና ነጥቆ መውጣት አይገባም። የማስመዝገቢያ ቁጥሩን ይዞ ከፖሊስ ጋር መመለስ ነው። ታክሲ ላይ የተረሳ ዕቃ ተሰረቀ ይባላል ወይ የሚለውን መልስ 15 አነሣ። መልስ 14 ተመልሶ፣ ያገኘው ሰው የሌላ መሆኑን እያወቀ ከሸጠው ጉዳዩ የወንጀል መልክ እንደሚይዝ፣ ለዚህም ነው የጠፋበት ሰዓትና ቦታ በመዝገቡ ላይ በግልጽ እንዲጻፍ የሚያስፈልገው ብሎ አብራራ። ይህ በቁጥር 16 ሰፍሯል።

ቀጣዮቹ ሁለቱ ከርዕሱ ወጣ ብለዋል፤ ከአገር ውጭ ላለ አንባቢ ስለሚጠቅሙ ግን ላልፋቸው አልወደድኩም። መልስ 17 ከዋሽንግተን አካባቢ የተጻፈ ነው። በገና ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚያስመጣ ሰው ሻንጣ ክፍል ውስጥ ቢጠፋበት ምን ያድርግ? መልስ 18 በቅደም ተከተል ነገረው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳይወጣ የጠፋ ሻንጣ ሪፖርት ያስሞላል። የአየር መንገዶችን ኃላፊነት በሚወስነው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት የተጎዳ ዕቃ ከተረከበ በ7 ቀን፣ የዘገየ ደግሞ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይጠየቅበታል፤ 21 ቀን ካለፈ ዕቃው እንደጠፋ ተቆጥሮ ካሳ ይጠየቃል። የካሳው ጣሪያ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ 1,519 ኤስ ዲ አር (የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ) ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያወጣ መሣሪያ ሲጫን ልዩ የዋጋ መግለጫ ሞልቶ ተጨማሪ መክፈል ያስፈልጋል። ኤርታግ (ዕቃ ያለበትን ቦታ በስልክ የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ) የሚያስገባ ሰው ደግሞ በማኅደሩ ኪስ ውስጥ ያድርገው እንጂ ገበቴው ውስጥ አይጣለው፤ እዚያ ውስጥ ይንኳኳል፣ ባትሪውን ለመቀየርም አይመችም።

በቁጥር 19 ጠያቂው ተመልሶ መጣ። በገናው በ24ኛው ቀን ተገኘ። የጎን ቁጥሩ ሳይሆን አመሻሹ ነው የረዳው፤ ረዳቱ ያን ቀን ማታ አግኝቶት ባለቤቱ ይመጣል ብሎ ለተራ አስከባሪዎቹ ሰጥቷቸው ኖሯል። ከቆርቆሮ ግድግዳ ተደግፎ፣ ዝናብ በሚያንጠባጥብ ጣሪያ ሥር ቆሟል። ማኅደሩና በርኩማው የሉም። የበገናው ባለቤት ነኝ ብሎ የመጣ ሌላ ሰው ስለነበር ማስረጃ ተጠየቀ። ጠያቂው መልስ 6ን አንብቦ የድሮ የትምህርት ቪዲዮ ሲፈትሽ በርኩማው ሁልጊዜ ከመካከል ወደ ግራ ጠጋ ብሎ እንደሚቆም አይቶ ነበር። ቆዳው በስልክ መብራት ከጎን ሲታይ ሁለቱ አሻራዎች ከመካከሉ ወደ ግራ ሁለት ጣት ያህል ፈቀቅ ብለው ተገኙ። ሌላኛው ሰው ስለ በርኩማው ሲጠየቅ መካከል ላይ ነው አለ።

ያለበት ሁኔታ ግን ደስ አይልም። ቆዳው በታችኛው ቀኝ ማዕዘን ላልቷል፣ ጀርባው ላይ አረንጓዴ ሻጋታ አለ፣ 2ኛ፣ 6ኛና 9ኛ አውታሮች በአይጥ ተበልተዋል፤ የቀሩት እንደተወጠሩ ናቸው።

መልስ 20 ዛሬውኑ ፀሐይ ላይ አውጣው አለ። መልስ 21 በሁለት ቃል ከለከለው፣ መምህሩም በቁጥር 22 ምክንያቱን አስረዱ። እርጥብ ቆዳ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ከገበቴው እንጨት ቀድሞ ይኮማተራል፤ ወይ በስፌቱ በኩል ይቀደዳል ወይ ገበቴውን ይሰነጥቃል። መጀመሪያ የቀሩት ሰባት አውታሮች ይላላሉ፤ አንድ በአንድ እስከ መጨረሻው ሳይሆን ሁሉም በጥቂት በጥቂቱ፣ ከሁለቱ ዳር ወደ መካከል እየተፈራረቁ። አንዱ ወገን ብቻ ከላላ ቀንበሩ ይጣመማል። ከዚያ በገናው አየር በሚዘዋወርበት ጥላ ክፍል ውስጥ፣ ከግድግዳ ተለይቶ አንድ ሳምንት ይቆማል። ሻጋታው ከቤት ውጭ፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ፣ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይራገፋል፤ በእርጥብ ጨርቅ ማሸት ሻጋታውን ወደ ቃጫው ያስገባዋል። በሳምንቱ ገበቴው በጣት መገጣጠሚያ ዙሪያውን ይንኳኳል፤ ደረቅና አንድ ዓይነት ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፣ አንድ ቦታ ላይ የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ካለ ስንጥቅ አለ።

መልስ 23 ነቀዝ እንዳለ እንዲታይ አሳሰበ። ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎች ብቻ ከሆኑ የድሮ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከሥሩ ነጭ ወረቀት ተነጥፎ በማግስቱ አዲስ ዱቄት ከወደቀ ግን ነፍሳቱ በሕይወት አሉ፣ በገናውም ከሌሎች መሣሪያዎች ተለይቶ ይቀመጥ። መልስ 24 ምሰሶዎቹን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ቫርኒሽ መቀባት አዲስ እንደሚያስመስላቸው ጻፈ። ለዚህ የተሰጠው ምላሽ፣ ቁጥር 25፣ ከሁሉም የመረረው ነው። ያ የሚያበራው ቦታ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች እጅ ለዓመታት የሠራው ነው፤ እሱን መፋቅ የበገናውን መታወቂያ መፋቅ ነው። በዚህ ላይ እኔም ከጸሐፊው ጋር ነኝ፤ ቃሉ ግን ሊለዝብ ይችል ነበር።

የቀረው የአውታሩ ጉዳይ ነው፤ ያልታሰበው ችግርም እዚህ ላይ መጣ። መልስ 26 እንዳስታወሰው የአንጀት አውታር የሚሠራው ከትኩስ የበግ አንጀት ነው። አንጀቱ ይታጠባል፣ ሥጋና ስቡ እስኪለቅ ይፋቃል፣ ለወፍራሙ አውታር ከአንድ በላይ ተደርቦ ይጠመዘዛል፣ በሁለት ችካል መካከል ተወጥሮ ጥላ ላይ ይደርቃል። በሁዳዴ ጾም ግን ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ቤተሰብ በግ የሚያርድ የለም። የመልስ 9 ጸሐፊ እዚህ ላይ ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ በለዘበ ቃል፣ ለመምህሩም በአንቱታ። እስከ ፋሲካ ናይለን መወጠር ነውር ይሆናል ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

የመምህሩ መልስ፣ ቁጥር 28፣ ደጋግሜ ያነበብኩት ነው። በጣት ሲደረደር የሚመቱት ስድስቱ ናቸው፤ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ፣ 8ኛና 10ኛ። የተቀሩት አራቱ ጣት ከመታ በኋላ የሚያርፍባቸው ናቸው። አይጥ ከበላቸው ሦስቱ ድምፅ የሚሰጠው 6ኛው ብቻ ነው። ስለዚህ 5ኛውና 7ኛው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ተንከባልለው ይታዩ፤ ከሁለቱ ውፍረቱ ለ6ኛው የሚቀርበው ተፈቶ ወደ 6ኛው ቦታ ይዛወር። ናይለኑ በማረፊያዎቹ ላይ፣ በ2ኛው፣ በ9ኛውና በተፈታው ቦታ ይግባ። ጣት ያርፍበታል እንጂ አይመታም፤ የበገናውን ድምፅ አይለውጥም። የተዛወረው አውታር በአንድ ቀን ወደ ቅኝቱ አይወሰድ፤ በየቀኑ ጥቂት እየተወጠረ በአራትና በአምስት ቀን ይድረስ። እንዚራው መጨረሻ ላይ ይገባል፤ አውታሩ እስኪነዝር ድረስ በጸጉር ስፋት ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተገፋ።

መልስ 29 አዲሱ በርኩማ በድሮው ቁመት እንዲጠረብ መከረ። ከፍ ካለ የላላውን ቆዳ ይጫነዋል፣ ዝቅ ካለ አውታሩ ከቆዳው ጋር ይፋጫል።

በቁጥር 30 ጠያቂው የመጨረሻውን ዜና አስፍሯል። ቆዳው በዘጠነኛው ቀን ጠብቋል። ለ6ኛው የሆነው 7ኛው ነው። አዲሱ በርኩማ እግሮቹን ከድሮዎቹ አሻራዎች ላይ አሳርፎ ቆሟል። አምስቱ አውታሮች ቅኝታቸውን ይዘዋል፤ 6ኛው ግን ማታ ተቃኝቶ ጠዋት ወርዶ ይገኛል፣ በየማለዳውም መቃኛውን ትንሽ ያዞሩለታል። በፋሲካ ማግስት አንጀት ለማጠብ ሁለት ተማሪዎች ተመድበዋል።